ስለ ስሜን ተራራ፤ እሳት ስለ ሠራውና ውኃ ስለ ቀረጸው አገር

ብዙ ሰዎች እሳተ ገሞራ ሲባል ራሱ ላይ ጉድጓድ ያለበት ተራራ ብቻ ይመስላቸዋል። በሸዋ ያለው ዝቋላ በእውነት እንዲህ ነው፤ በራሱ ላይ ያለው ሐይቅ የቀድሞው የእሳት አፍ በነበረበት ጎድጓዳ ስፍራ ተኝቷል። በአፋር ያለው ኤርታሌም እስከ ዛሬ ይነድዳል። የስሜን ተራራ ግን እሳት አይወጣበትም፤ እንደ ዝቋላ ያለ አፍም አይታይበትም። ስለዚህ በዚያ ተወልዶ ያረጀ ሰው እንኳ በጠፋ እሳተ ገሞራ ላይ እንደሚያርስ ሳያውቅ ይኖራል።

ሊቃውንት መርምረው እንዳገኙት፣ ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ከምድር ውስጥ ቅልጥ ድንጋይ ወጥቶ ፈሰሰ፤ የፈሰሰው ሲረጋ ሌላው በላዩ እየፈሰሰ ተነባበረ። እሳቱ ከጠፋ በኋላ ዝናምና ወንዝ ጎኑን እየቦረቦሩ አፈሩን ወደ ተከዜ ወሰዱት። ዛሬ አንዳንዱ ገደል እስከ 1,500 ሜትር የሚወርደው፣ ከ4,500 ሜትር በላይ የሆነው ራስ ደጀንም ከአገራችን ተራሮች ሁሉ ከፍ ብሎ የቀረው በዚህ ምክንያት ነው።

መምህር ተማሪዎቹን ወደዚያ ሊወስድ ቢያስብ፣ ከጎንደር ወደ ሰሜን በአምባ ጊዮርጊስና በዳባት በኩል 100 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ደባርቅ ይደርሳል። አስቀድሞ የመንገዱን ጸጥታ ይጠይቅ፤ በደባርቅም ከፓርኩ ጽሕፈት ቤት ፈቃድ ተቀብሎ ጠባቂና መንገድ መሪ ይያዝ። የሚሻለው ጊዜ ክረምቱ አልፎ ሰማዩ ሲጠራ፣ ከመስከረም መጨረሻ እስከ ታኅሣሥ ያለው ነው። ሌሊቱ ብርቱ ብርድ ነውና ልብስ ይደረብ። በከፍታው አየሩ ስለሚሳሳ ልጆቹ አይሩጡ፤ ራሱን ያመመውና ያቅለሸለሸው ወደ ዝቅተኛው ስፍራ ይመለስ።

ከሳንቃ በር አልፎ የጅንባር ወንዝ ከገደል ሲወረወር ይታያል። 3,926 ሜትር ከፍታ ካለው ከእሜት ጎጎ ሆኖ የሚመለከት ሰው የገደሉን ግድግዳ እንደ ተደራረበ እንጀራ ተነባብሮ ያየዋል። መምህሩ በዚያ ከአፋፉ ራቅ ብሎ ይቁምና፣ ንጣፉ ሁሉ በየጊዜው የፈሰሰ ቅልጥ ድንጋይ መሆኑን ያሳይ። በሜዳው ጅብራ ቆሞ፣ ደረቱ የቀላ ጭላዳም ሣር ሲነጭ ይታያል። ዋልያ በዓለም ሁሉ በተፈጥሮ የሚኖረው በእነዚህ ገደሎች ብቻ ነው።

ስለዚህ ስፍራው በ1962 ዓ.ም. ብሔራዊ ፓርክ ተብሎ በአዋጅ ታወቀ፤ በ1970 ዓ.ም. በዓለም ቅርስ መዝገብ ተጻፈ። እርሻና ግጦሽ እየሰፋ ዋልያውም እያነሰ ስለ ሄደ በ1989 ዓ.ም. አደጋ ላይ ካሉት ቅርሶች ጋር ተቈጠረ፤ ከዚያ መዝገብ የወጣው በ2009 ዓ.ም. ነው።

ነገር ግን ይህ በነጻ የተገኘ አይደለም። የግጭ መንደር ሰዎች፣ ከ400 የሚበልጡ አባወራዎች፣ በ2008 ዓ.ም. ገደማ ቤታቸውንና እርሻቸውን ትተው ወደ ደባርቅ ወርደዋል። እንግዳው ዓይኑን የሚያሳርፍበት ሜዳ ለእነርሱ የአባቶቻቸው ርስት ነበር። በ2011 ዓ.ም. ሣሩና አስታው በተቃጠለ ጊዜም እሳቱን ሊያጠፉ ከወጡት መካከል የአካባቢው ገበሬዎች ነበሩ። እንግዲህ ተማሪ ስለ ዋልያ ተምሮ ስለ እነዚህ ሰዎች ሳይሰማ ቢመለስ ትምህርቱ እኩሌታ ነው። ሽማግሌዎችም የቀድሞውን አገር እንደ ነበረ ለልጆች ሊነግሩ ይገባል፤ እነርሱ ካለፉ በኋላ የሚጠየቅ የለምና።

በዚያ የሚሄድ ሁሉ በተጠረገው መንገድ ይሂድ፤ እንጨት አይስበር፤ እሳት አንድዶ አይተው፤ ለጭላዳ እህል አይጣል። ተራራውን እሳትና ውኃ በብዙ ሚሊዮን ዓመት ሠሩት፤ የአንድ ሰው ቸልተኝነት ግን ሣሩን በአንድ ቀን ያጠፋዋል።

ለተማሪዎች የሚቀርቡ ጥያቄዎች።
1ኛ፤ ስሜንና ዝቋላ በምን ይመሳሰላሉ? በምንስ ይለያሉ?
2ኛ፤ የገደሉ ግድግዳ ለምን ተነባብሮ ይታያል?
3ኛ፤ ዋልያም እንዲተርፍ፣ ሰውም እንዳይጎዳ ምን ቢደረግ ይሻላል? የመንደራችሁን ሽማግሌ ጠይቃችሁ መልሱ።