የዘይት መያዣ ጣሳ አገጣጠም በደጋ አገር፦ ከተጠራቀመው ዘይት ይልቅ የክራንክኬዝ ግፊትን ስለ መለካት

የዘይት መያዣ ጣሳ፣ በጋራዥ አጠራር «ካች ካን»፣ ከሞተር የሚወጣው ጋዝ ወደ አየር ማስገቢያው ከመመለሱ በፊት የተሸከመውን የዘይት ጭጋግ የሚያስቀር አነስተኛ ዕቃ ነው። ባለንብረቶች ጥቅሙን የሚመዝኑት አብዛኛውን ጊዜ በውስጡ በተጠራቀመው ዘይት መጠን ነው፤ ጣሳው ቶሎ ከሞላ ገንዘባቸው በከንቱ እንዳልወጣ ይቆጥሩታል። ይህ አጭር ጽሑፍ መመዘኛው መለወጥ እንዳለበት ይሞግታል። ጣሳ በሞተሩ መተንፈሻ መስመር ላይ የሚጨመር መሰናክል ነው። ስለዚህ አስቀድሞ ሊጠየቅ የሚገባው የክራንክኬዙን ግፊት ምን ያህል እንደሚያሳድግ ነው። ጥያቄው እንደ አዲስ አበባ ባለ ከፍታ ላይ ይበልጥ ይጠነክራል።

ጋዙ ከየት መጥቶ ወዴት ይሄዳል

ፒስተኑ አየሩን ሲጨምቅና ነዳጁ ሲቃጠል ከጋዙ ጥቂቱ በፒስተን ቀለበቶች፣ በተለምዶ ፋሻ በሚባሉት፣ ጎን ሾልኮ ኮለዶካው ወደሚሽከረከርበት ክፍል፣ ማለትም ወደ ክራንክኬዝ ይወርዳል። ይህ ሾላኪ ጋዝ የውሃ ትነት፣ ጥቀርሻና ያልተቃጠለ ነዳጅ የያዘ ሲሆን፣ በሚሽከረከሩት አካላት የሚረጨውንም ዘይት በጭጋግ መልክ ይዞ ይወጣል። መውጫ ካጣ ግፊቱ እየጨመረ ሄዶ ዘይቱን በፓራኦሊዮና በጓርኒሲዮን በኩል ወደ ውጭ ይገፋዋል። በቀደሙት ሞተሮች ጋዙ በቱቦ በቀጥታ ወደ መንገድ ይለቀቅ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1961 የሞዴል ዓመት ጀምሮ በካሊፎርኒያ የሚሸጡ አዳዲስ መኪኖች ጋዙን መልሰው እንዲያቃጥሉት ተደረገ፤ በ1963 አሠራሩ ወደ መላው አሜሪካ ተዛመተ።

ለዚህ ጽሑፍ አብነት የወሰድኩት በአገራችን መንገዶች በብዛት የሚታየውን የቶዮታ ሃይሉክስ 2ኬዲ-ኤፍቲቪ ሞተር ነው፤ ባለ አራት ሲሊንደር፣ 2,494 ሲሲ፣ ባለ ተርቦ ናፍጣ። በዚህ ሞተር ጋዙ ከቴስታታው ክዳን ተነሥቶ በአንድ ቱቦ በአየር ፊልትሮውና በተርቦው መካከል ወዳለው መስመር ይገባል። ቀጥሎ የዘይቱ ጭጋግ በኢጂአር ቫልቭ በኩል ከሚመለሰው ጥቀርሻ ጋር ይገናኝና በማስገቢያ ማኒፎልዱ ግድግዳ ላይ ጥቁርና ወፍራም ዝቃጭ ሆኖ ይጋገራል። ማኒፎልድ አውርዶ ያጸዳ ባለሙያ ሁሉ ያውቀዋል። ጣሳ የመግጠም ፍላጎት የመነጨው ከዚሁ ነው፤ ፍላጎቱም ተገቢ ነው። በቤንዚን ሞተር ፒሲቪ ቫልቭና የማኒፎልድ ቫኩም ስለሚጨመሩ ነገሩ ሌላ መልክ ይይዛል፤ እዚህ አልገባበትም።

የከፍታው ስሌት

በመደበኛ ከባቢ አየር ቀመር መሠረት በ2,355 ሜትር ከፍታ ላይ የአየር ግፊት 76 ኪሎ ፓስካል ገደማ ነው፤ በባሕር ጠለል ላይ ግን 101.3 ነው። ተርቦው በከፍታ የጎደለውን አየር ሙሉ በሙሉ ያካክሳል ብለን እንነሣ። በሲሊንደሩ ውስጥ ያለው ግፊት እንደ ባሕር ጠለሉ ስለሚሆን በፋሻዎቹ የሚሾልከው ጋዝ መጠነ ቁስ አይለወጥም። ጋዙ የሚወርደው ግን 76 ኪሎ ፓስካል ገደማ ወዳለበት ክራንክኬዝ ነው፤ 101.3 ለ76 ሲካፈል 1.33 ስለሚሆን ይዘቱ በአንድ ሦስተኛ ይጨምራል። በዚያው ቱቦ ውስጥ ፍጥነቱ 1.33 እጥፍ፣ እፍግታው 0.75 እጥፍ ይሆናል። የግፊት ኪሳራ ከእፍግታና ከፍጥነት ካሬ ብዜት ጋር ስለሚመጣጠን ውጤቱ 1.33 እጥፍ ነው። በባሕር ጠለል የተሞከረ ጣሳ እዚህ ሲገጠም በአንድ ሦስተኛ የከበደ መሰናክል ይሆናል ማለት ነው። በተግባር ተርቦው ሁሉንም ስለማያካክስ ይህ የላይኛው ወሰን ነው። ተርቦ በሌለው ሞተር ላይ ደግሞ ወደ ሲሊንደሩ የሚገባው አየርም ስለሚቀንስ ኪሳራው እንዲያውም በሩብ ገደማ ዝቅ ይላል፤ ሁለቱን ሞተሮች በአንድ ምክር ማስተናገድ ስሕተት የሚሆነው ለዚህ ነው።

ከከፍታው ይልቅ የሚከፋው ግን የመግቢያው ጥበት ነው። የሞተሩ ቱቦ ውስጣዊ ዲያሜትር 19 ሚሊ ሜትር፣ የጣሳው መግቢያ ደግሞ 13 ሚሊ ሜትር ቢሆን የማሳለፊያው ስፋት ወደ 47 በመቶ ይወርዳል። በዚያ ቦታ ያለው ኪሳራ ከዲያሜትሮቹ ንጽጽር አራተኛ ኃይል ጋር ስለሚያድግ 4.6 እጥፍ ይደርሳል፤ የከፍታው 1.33 ሲባዛበት ስድስት እጥፍ ያህል ይሆናል። የጣሳው ውበትም ሆነ ዋጋ ይህን አይለውጠውም። ገዢ ወደ መለዋወጫ ሱቅ ሲሄድ ካሊፐር ይዞ ቢሄድ ይበጀዋል፤ የሚለካውም የመግቢያውን ውስጥ እንጂ ውጩን አይደለም።

ማጣሪያውና አቀማመጡ

ባዶ ጣሳ ትልልቆቹን ጠብታዎች ብቻ ያስቀራል። ከአንድ ማይክሮን በታች የሆኑት ከጋዙ ጋር ተጠማዝዘው ያልፋሉና እነርሱን ለመያዝ ጠብታዎቹን የሚያገናኝ ማጣሪያ ያስፈልጋል። አንዳንድ ጋራዦች በዚህ ፈንታ የዕቃ ማጠቢያ ሽቦ ይጠቀጥቃሉ። ሽቦው ሁለት አደጋ አለው፤ ብጣሹ ወደ ተርቦው ሊሳብ ይችላል፣ በጥቀርሻ ሲደፈንም መተንፈሻውን ይዘጋል። በአንድ ጋራዥ እንዲህ በተጠቀጠቀ ጣሳ ምክንያት የኋላ ፓራኦሊዮው ያፈሰሰ ፒክአፕ አይቻለሁ። ካምቢዮ ወርዶ ፓራኦሊዮው ተቀየረ፤ ብዙም ሳይቆይ እንደገና አፈሰሰ። ባለንብረቱ ለተመሳሳይ ሥራ ሁለት ጊዜ ከከፈለ በኋላ ነው ጣሳውን የከፈተው ሰው የተገኘው።

ጣሳው ከተርቦውና ከማርሚታው ርቆ ነፋስ በሚያገኝበት ቦታ ይቀመጣል፤ ቱቦዎቹም ፈሳሽ የሚጠራቀምበት ሆድ ሳይኖራቸው ይዘረጋሉ። የራዲያተር ጎማ ለዚህ ሥራ አይሆንም፤ ለውሃ የተሠራው ጎማ በዘይት ያብጣል፣ ይለሰልሳል። ዘይት የሚችል ጎማ መፈለግ ግድ ነው። ጣሳው ከመጠን በላይ ሞልቶ ፈሳሹ ዘይት ወደ ተርቦው ከተሳበ የናፍጣ ሞተር ዘይቱን እንደ ነዳጅ አቃጥሎ ከቁጥጥር ውጭ ሊፈጥን ይችላል፤ ያን ጊዜ ቁልፍ ማጥፋት ላያቆመው ይችላል። ይህን የምጽፈው ለማስፈራራት አይደለም፤ የፈሳሹን ከፍታ ከውጭ የሚያሳይ ምልክት የሌለውን ጣሳ ግን አልመክርም።

አናቱ ላይ ትንሽ ፊልትሮ ያለው ክፍት ጣሳ የግፊቱን ችግር ያቃልላል፤ በምትኩ ጭጋጉን ለእግረኛው ይተውለታል። ከዚህም በላይ በተርቦው በኩል የቀረው ቀዳዳ በደንብ ካልተደፈነ ያልተጣራ የመንገድ አቧራ በቀጥታ ወደ ተርቦው ይገባል።

በውሃ መለኪያ

ግፊቱን ለመለካት ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። ግልጽ የፕላስቲክ ቱቦ በ«ሀ» ፊደል ቅርጽ ታጥፎ ቀለም በገባበት ውሃ እስከ ግማሽ ይሞላል፤ አንዱ ጫፍ ከዘይት መለኪያ ዘንጉ ቀዳዳ ጋር አየር በማያስገባ መንገድ ይገናኛል፣ ሌላው ክፍት ይተዋል። በመካከል ባዶ ጠርሙስ ማስገባት ይገባል፤ አለበለዚያ ክራንክኬዙ ከሳበ ውሃው ወደ ሞተሩ ይገባል። በሁለቱ ክንዶች መካከል የ10 ሚሊ ሜትር የከፍታ ልዩነት 98 ፓስካል ነው።

ንባቡ ሞተሩ ከሞቀ በኋላ መጀመሪያ ያለ ጣሳ፣ ከዚያም በጣሳ ይወሰዳል፤ ቆሞ በዝቅተኛ ዙር፣ ቆሞ በ2,500 ዙር፣ በመጨረሻም በጭነት። ለመጨረሻው ከዓባይ ድልድይ ወደ ጎሐ ጽዮን እንደሚወጣው ያለ ረጅም ዳገት ተመራጭ ነው፤ በዚያው ማርሽና በዚያው ዙር እየተነዳ መለኪያውን ሌላ ሰው ያነብባል። ከሁሉም በፊት የአየር ፊልትሮው ንጹሕ መሆን አለበት። የተደፈነ ፊልትሮ ከተርቦው በፊት ያለውን ስበት ስለሚያጠናክር የክራንክኬዙን ግፊት ዝቅ አድርጎ ያሳያል፤ ጣሳው የፈጠረው መሰናክልም ይሸፈናል።

የእኔ መመዘኛ ጥብቅ ነው። ያለ ጣሳ ከከባቢው ግፊት በታች የነበረ ክራንክኬዝ በጣሳው ምክንያት ከከባቢው በላይ ከወጣ ጣሳው ለዚያ ሞተር ጠቧል። ያለ ጣሳም በጭነት ጊዜ ከከባቢው በላይ ከሆነ ደግሞ ጣሳ ከመግጠም በፊት የመተንፈሻው መስመር፣ ፋሻዎቹና ተርቦው ይመርመሩ፤ እንዲህ ባለው ሞተር ላይ ቶሎ የሚሞላ ጣሳ የሚናገረው ስለ ሞተሩ ማርጀት ነው። ንባቡ በየዘይት ቅያሬው ቢደገም ማጣሪያው መደፈን ሲጀምር በቁጥር ይታያል። በክረምት፣ በተለይ አጭር ጉዞ በሚያበዛ መኪና፣ ጣሳው ውስጥ እርጎ የመሰለ ነጭ ፈሳሽ ይገኛል፤ ብቻውን ሲታይ የቴስታታ ጓርኒሲዮን መቃጠል ምልክት አይደለም፣ ውሃና ዘይት ተደባልቆ ነው። ነዳጅም ስላለበት ወደ ሞተሩ አይመለስም፤ ከተቃጠለው ዘይት ጋር ይጠራቀማል።