የረጨነው መርዝ ወዴት ይሄዳል? ፀረ-ተባይ ኬሚካልና የጣና ዓሦች

የትምህርቱ ዓላማ፦ ሠልጣኞች ፀረ-ተባይና ሌሎች ኬሚካሎች የውሃ እንስሳትን እንዴት እንደሚጎዱ ያስረዳሉ፤ ጉዳቱን የሚቀንሱ ተግባራትንም በማሳቸው ይፈጽማሉ።

1. መነሻ

ውድ ሞዴል አርሶ አደሮች፤ የልማት ጣቢያ ሠራተኛ ሆኜ በጀመርሁባቸው ዓመታት ስለ ሽንኩርት ተባይ ርጭት አሠልጥኜ ነበር። መጠኑን፣ ሰዓቱን፣ የአፍና አፍንጫ መሸፈኛውን አስተማርሁ። መርጫው የት እንደሚታጠብ ግን አልተናገርሁም። አንድ ታታሪ አርሶ አደር ያልሁትን ሁሉ ፈጽሞ መርጫውን ከማሳው ሥር ካለች ወንዝ አጠበ። በማግስቱ ትናንሽ ዓሦች ሆዳቸውን ገልብጠው ተንሳፈው አየን፤ ልጆች ለወጥ ይለቅሟቸው ነበር። አስጥለን ቀበርናቸው። ጥፋቱ ያልተነገረው አርሶ አደር ሳይሆን ያልተናገርሁት የእኔ ነበር። ይህ ትምህርት ያን ጊዜ የጎደለው ነው።

2. ማሳችንና ሐይቁ

ጣና ሰፊ ቢሆንም ጥልቅ አይደለም፤ ጥልቁ ቦታ 14 ሜትር አካባቢ ነው። ግልገል አባይ፣ ጉማራ፣ ርብና መገጭ ከማሳችን የታጠበውን አፈር ይዘው ይገቡበታል። በሐይቁ ቀረሶ፣ አምባዛና ነጭ ዓሣ ይጠመዳሉ። ከነጭ ዓሣ ወገን በዓለም ላይ በጣና ብቻ የሚገኙ 15 ያህል ዝርያዎች ተለይተዋል። ከእነዚህ ብዙዎቹ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ ወደ ወንዞቹ ወጥተው ጠጠራማ ቦታ ላይ እንቁላል ይጥላሉ። ይህ ወቅት ጎርፍ የማሳችንን ኬሚካል ወደ ወንዝ የሚያጥብበት ጊዜ ነው። እንቁላልና ጫጩት ደግሞ መርዝን የመቋቋም አቅማቸው ደካማ ነው።

3. መርዙ እንዴት ይጎዳል?

ሀ. ማላታዮንና ፕሮፌኖፎስ፦ ተባዩን የሚገድሉት ነርቭን የሚቆጣጠር ኢንዛይም በማገድ ነው። ዓሣም ይኸው ኢንዛይም ስላለው ይንቀጠቀጣል፣ ሚዛኑን ያጣል፣ መተንፈስ ያቅተዋል። ሳይሞት ቢተርፍም ከጠላት መሸሽና ምግብ መፈለግ ይሳነዋል።

ለ. ላምዳ-ሳይሃሎትሪን፦ ለሰው ከሌሎቹ ይሻላል ተብሎ ይወደዳል፤ ለዓሣ ግን እጅግ አደገኛ ነው። በቤተ ሙከራ ሲፈተሽ በአንድ ሊትር ውሃ 0.2 ማይክሮግራም ያህል ብቻ ስሱ ከሆኑ ዓሦች ግማሹን በ4 ቀን ይገድላል። እናስላው፦ 5 በመቶ የሆነ ኬሚካል በ1 ሚሊ ሊትር ውስጥ 50,000 ማይክሮግራም መርዝ አለው። ይህ 250,000 ሊትር ውሃ ለመመረዝ ይበቃል፤ ማለትም 25 ሜትር ርዝመት፣ 10 ሜትር ስፋትና 1 ሜትር ጥልቀት ያለው ኩሬ። በወንዝ ውስጥ ግን መርዙ ቶሎ ጭቃ ላይ ይጣበቃል። ያኔም ዓሣ የሚመገባቸውን የጭቃ ውስጥ ነፍሳት ይጎዳል።

ሐ. ዲዲቲና ኢንዶሰልፋን፦ ዲዲቲ በስብ ውስጥ እየተከማቸ ከትንሹ ዓሣ ወደ ትልቁ፣ ከዚያም ወደ ዓሣ በል ወፍና ወደ ሰው ይሸጋገራል። ከ15ቱ የጣና ነጭ ዓሦች 8ቱ ሌላ ዓሣ የሚበሉ ስለሆኑ ለክምችቱ የበለጠ የተጋለጡ ናቸው። ኢንዶሰልፋን ደግሞ በጥቂቱም ዓሣ ይገድላል። ዲዲቲን ሰብል ላይ መርጨት አይፈቀድም፤ ከየትም ቢመጣ አትግዙ።

መ. ብርብራ፦ ፍሬው ሮቴኖን የሚባል መርዝ አለው። ዕፅ ስለሆነ ጉዳት የለውም የሚባለው ስሕተት ነው። እንቁላል ለመጣል ወንዝ የወጣውን ዓሣና ጫጩቱን አብሮ ይፈጃል።

ሠ. እሳት መከላከያ ኬሚካል፦ ስፖንጅ ፍራሽና የቴሌቪዥን ሽፋን ቶሎ እንዳይቀጣጠል የሚጨመር ኬሚካል አለ። ብሮሚን ያለባቸው አንዳንዶቹ እንደ ዲዲቲ በጭቃና በስብ ይከማቻሉ፤ የዓሣና የእንቁራሪት ጫጩቶችን እድገት የሚመራውን ሆርሞንም ያዛባሉ። ስለዚህ አሮጌ ቴሌቪዥን፣ ሽቦና ፍራሽ በወንዝ ዳር አይጣል፣ አይቃጠልም።

4. ምልክቱን መለየት

ዓሣ ሲሞት ሁልጊዜ መርዝ ነው ማለት አይደለም። ኦክስጅን ሲያንስ ሞቱ ጎሕ ሲቀድ ይበረታል፤ ትልልቆቹም ቀድመው ይሞታሉ። መርዝ ሲሆን ትናንሾቹ ይቀድማሉ፤ እንቁራሪትና የውሃ ነፍሳትም አብረው ይሞታሉ። ሁለቱም ቢሆን ዓሣውን አትብሉ፤ ከብትም ከዚያ ውሃ አታጠጡ። ለቀበሌው የግብርና ባለሙያ ወዲያው አሳውቁ።

5. ምን እናድርግ?

• ማሳውን ሳታዩ አትርጩ። ተባዩ ጉዳት የማያደርስ መጠን ላይ ካለ ርጭቱ ወጪ ነው።
• ዝናብ ሲያስገመግም ወይም ነፋስ ሲበረታ አትርጩ።
• ከወንዝ፣ ከቦይና ከሐይቅ ዳር ቢያንስ 20 ሜትር ሣር የለበሰ መሬት ተዉ።
• ውሃውን በጄሪካን ቀድታችሁ ከወንዝ ርቃችሁ በጥብጡ።
• ባዶ ዕቃውን ሦስት ጊዜ አለቅልቁ፤ እጣቢውን መርጫው ውስጥ ጨምራችሁ እዚያው ሰብል ላይ ርጩ። ከዚያ ዕቃውን ብሱት፤ እህልም ውሃም አይያዝበትም።
• መርጫውን ማሳው ውስጥ እጠቡ፤ ወንዝ ውስጥ ፈጽሞ አይታጠብም።
• እምቦጭን በእጅ እንንቀል እንጂ ኬሚካል አንርጭበት። ኬሚካሉ ሲገድለው ውሃ ውስጥ ይበሰብስና ኦክስጅኑን ያሟጥጣል።

6. የውይይት ጥያቄዎችና የቤት ሥራ

1. በመንደራችሁ መርጫ የሚታጠበው የት ነው? ውሃው ወዴት ይወርዳል?
2. ዓሣ አጥማጁና አትክልት አምራቹ በምን ይገናኛሉ?
3. በየአንድ ለአምስት ቡድናችሁ የማጠቢያ ቦታ መርጣችሁ በሚቀጥለው ስብሰባ አሳዩን።

ጎረቤት የሚያየው የእናንተን ማሳ ነው። እናንተ መርጫውን ከወንዝ ካራቃችሁ እርሱም ያርቃል።