ሳይክሉ የት ይደር?

ሐይቅ ከተማ ውስጥ ያለች አንዲት የኪራይ ክፍል እናስብ። ቁመቷ ሦስት ሜትር፣ ወርዷም ሦስት ሜትር ነው። አልጋ፣ ከአምባሰል ገጠር የመጣ የስንቅ ጆንያ፣ የከሰል ምድጃ፣ ሁለት ጀሪካንና የልብስ ሻንጣ ይዛለች። ተከራዩ ተማሪም ይሁን ሠራተኛ፣ ዛሬ ሳይክል ገዝቶ ገብቷል። የሰኔ ምሽት ነው፤ ሰማዩ ጠቁሯል። ሳይክሉ ውጭ ካደረ ሌባም ዝናብም አለበት፤ ቤት ከገባ ደግሞ ሰው መተላለፊያ ያጣል። ይህን የምጽፈው ለዚህ ሰው ነው። ስለ ሳይክል ጥገና አንዳች ባያውቁም ግድ የለም፤ ከወለሉ እንጀምርና ቀስ እያልን ወደ ጎማው እንደርሳለን።

መጀመሪያ እንለካ። ተራ ሳይክል ከፊት ጎማ ጫፍ እስከ ኋላ ጎማ ጫፍ 1.8 ሜትር ያህል ይረዝማል፤ መሪው ከዳር እስከ ዳር 60 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይሰፋል። ስለዚህ ወለል ላይ ሲቆም ከአንድ ካሬ ሜትር በላይ ይይዛል፤ ከዘጠኝ ካሬ ሜትር ክፍል ውስጥ ከአንድ ዘጠነኛ የሚበልጥ ማለት ነው። ነገር ግን ሳይክሉን ከፊት ለፊት ቆመው ይመልከቱት። ጎማውና አካሉ ቀጭን ናቸው፤ ስፋቱን የሚያመጡት መሪውና ሁለቱ ፔዳሎች ብቻ ናቸው። አሁን ደግሞ ክፍሉን ይመልከቱ። እቃ የሞላው ከወገብ በታች ነው፤ ከደረት በላይ ያለው ግድግዳ ባዶውን ቆሟል። እንግዲያው ሳይክሉ መውጣት ያለበት ወደ ላይ ነው።

ይህን ስል ቦታ መቆጠብን ብቻ እያሰብኩ አይደለም። ሳይክል ጠጋኞች ጎማው በነፃነት እንዲዞር ሳይክሉን ከመሬት አንሥተው ይሠራሉ። እርስዎም በትክክለኛው ከፍታ ከሰቀሉት፣ ማደሪያው ራሱ የጥገና መደርደሪያ ይሆናል። ጎንበስ ሳይሉ፣ ሳይክሉን ሳይገለብጡ፣ ማታ ሲገቡ ፔዳሉን በእጅ አዙረው ያደምጣሉ። አልጋ ሥር ወይም ጆንያ ኋላ የተወሸቀ ሳይክል ግን እስኪሰበር ድረስ የሚያየው የለም። በእኔ ግምት የሳይክል ዕድሜ ከሚገዛለት ዘይት ይልቅ በማደሪያው ይወሰናል።

መስቀያው ምን ላይ ይታሰር? እዚህ ላይ የግድግዳውን ጠባይ ማወቅ ያስፈልጋል። አብዛኛው ነባር ቤት የጭቃ ነው፤ ቋሚ እንጨት ይተከላል፣ ማገር ይመታበታል፣ ከዚያ ጭድ የገባበት ጭቃ ይለሰናል። ጭቃ ሲጫኑት ጠንካራ ነው፤ ሲስቡት ግን ይፈረፈራል። መስቀያ ደግሞ የሚሠራው ሁለቱንም ነው። ሳይክሉ ወደ ታች ሲከብድ መስቀያው ከሥሩ ግድግዳውን ይጫናል፣ ከላዩ ግን ምስማሩን ወደ ውጭ ይስባል። ሸክሙ ከግድግዳው በራቀ ቁጥር መሳቡ ይበረታል፤ ውሃ የሞላ ጀሪካን ክንድን ዘርግቶ መያዝ ጎን አስጠግቶ ከመያዝ የሚከብደውም በዚሁ ምክንያት ነው። እኔ ይህን የተማርኩት በሌሊት ነው። ጭቃው ላይ በመታሁት ረጅም ምስማር የሰቀልኩት ሳይክል ከነልስኑ ወርዶ ድስቴን አጣመመው።

ስለዚህ ጭቃውን ይተዉና ቋሚውን ይፈልጉ። ግድግዳውን በጣትዎ መገጣጠሚያ እያንኳኩ ወደ ጎን ይሂዱ፤ ድምፁ የሚለወጥበት ቦታ እንጨቱ ያለበት ነው። ሁለት ቋሚዎች ካገኙ አንድ ጠንካራ ጣውላ አጋድመው በሁለቱ ላይ በረጅም ቡሎን ይሰሩት፤ መስቀያውን ጣውላው ላይ ያስሩታል። እንዲህ ሲሆን ክብደቱ ለሁለት ይከፈላል። ተራ ሳይክል ከ15 እስከ 20 ኪሎ ግራም ቢመዝን ነው፤ ውሃ ከሞላ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን አይበልጥም። ቤቱ የብሎኬት ከሆነ የብሎኬቱ ሆድ ባዶ መሆኑን አይርሱ። በድሪል ተበስቶ ፊሸር፣ ማለትም ቡሎኑ ሲገባበት የሚሰፋው የፕላስቲክ ሶኬት፣ መግባት አለበት፤ የኮንክሪት ቋሚ ካለ ደግሞ እሱ ይመረጣል። ያም ሆነ ይህ ግድግዳው የአከራዩ ነውና አስቀድሞ ማስፈቀድ ይሻላል። ካልፈቀዱ በገመድ ከጣሪያው አግዳሚ እንጨት ማንጠልጠል ይቻላል፤ ያኔም ከመሃል ሳይሆን ወደ ግድግዳው ከተጠጋው ጫፍ ያስሩ። አግዳሚ እንጨት በሸክም ይበልጥ የሚጎብጠው መሃሉ ላይ ነው።

መስቀያውን ማንኛውም በያጅ ይሠራዋል። ሁለት ክንድ ያለው፣ ከ12 ሚሊ ሜትር ፌሮ የታጠፈ ብረት ይበቃል፤ ክንዶቹ የሳይክሉን የላይኛውን አግዳሚ ቱቦ ይሸከማሉ። ቀለሙን እንዳይፍቀው ክንዶቹን በአሮጌ ከመነዳሪ ይጠቅልሏቸው። ከመነዳሪ የሚባለው አየር የሚሞላው የውስጥ ጎማ ነው። ቃሉ እንደ ካቴና፣ ፍሬን፣ ካቻቢቴና ጎሚስታ ሁሉ ከጣሊያንኛ የመጣ ነው፤ የጠጋኞች ቋንቋ በእንዲህ ያሉ ቃላት የተሞላ ስለሆነ ቢለምዷቸው ይጠቅምዎታል። ከፍታውን ሲወስኑ ፔዳሉ ከወገብዎ ጥቂት ከፍ ብሎ እንዲውል ያድርጉ።

ፔዳሉ አሁንም መተላለፊያ ላይ ከወጣ ሊፈቱት ይችላሉ፤ ባለ 15 ቁጥር መፍቻ ለብዙዎቹ ይሆናል። ነገር ግን ጥንቃቄ አለው። የቀኙ ፔዳል እንደማንኛውም ቡሎን በሰዓት ዘንግ አቅጣጫ ይጠብቃል፤ የግራው ግን በተቃራኒው ነው፣ በሰዓት ዘንግ አቅጣጫ ይፈታል። ይህን ሳያውቅ የሚታገል ሰው ጥርሱን ይበላዋል። ምክንያቱን ለማየት እስክሪብቶ በጭብጥዎ ላላ አድርገው ይያዙና ጫፉን በሌላው እጅ በክብ ያዙሩት። እስክሪብቶው ጭብጥዎ ውስጥ እየተንከባለለ በተቃራኒ አቅጣጫ ይዞራል። የፔዳሉ ዘንግም በእግር ጫና እንዲሁ ይንከባለላል፤ ሁለቱም በአንድ አቅጣጫ የተጠረቡ ቢሆኑ ኖሮ የግራው በጉዞ ላይ ሳለ ራሱን ፈትቶ ይወድቅ ነበር።

አሁን ሳይክሉ ተሰቅሏል፤ ቀጣዩ ጠላት ዝገት ነው። ብረት የሚዝገው ውሃና አየር አብረው ሲያገኙት ነው። የዝናቡ ውሃ የታወቀ ነው፤ ብዙዎች የማያስተውሉት ግን ከክፍሉ ውስጥ የሚመጣውን ነው። ሽሮ ሲንተከተክ የሚወጣው እንፋሎት ከድስቱ ክዳን ሥር ጠብታ ሆኖ እንደሚገኝ ሁሉ፣ ከውጭ ቀዝቅዞ በገባ ብረት ላይም ያርፋል። አቧራ ካለበት ደግሞ ያንን ጠብታ እንደ ጨርቅ ይዞ ያቆየዋል። ስለዚህ ሲገቡ በደረቅ ጨርቅ ማበስና በሚያበስሉበት ጊዜ መስኮቱን ገርበብ ማድረግ ከማንኛውም ቀለም ይበልጣል። ከምድጃው ይራቅ፤ ሙቀት ጎማን ያደርቃል፣ ጥላሸትም ከዘይት ጋር ሲገናኝ እንደ ሙጫ ይለጠፋል። በመስኮት የሚገባ ቀጥተኛ ፀሐይም ጎማውን ይሰነጣጥቀዋል። ከብት በሚያድርበት ቤት ግን ጨርሶ አይሰቀል፤ ሽንቱ እርጥበትና ጨው አለውና ብረትን ቶሎ ይበላል።

ካቴናው፣ ማለትም ፔዳሉን ከኋላ ጎማ ጋር የሚያገናኘው ሰንሰለት፣ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ክፍል ነው። ካቴና ዘይት የሚያስፈልገው በውጭው ሳይሆን በውስጡ ነው። እያንዳንዱ አንጓ በቀጭን ፒን ላይ ይታጠፋል፤ መፋጨቱ ያለው እዚያ ነው። ውጭው ላይ የተረፈ ዘይት አቧራ ይሰበስባል፤ አቧራና ዘይት ሲቀላቀሉ ደግሞ ብረቱን እንደ ወፍጮ ድንጋይ ይፈጩታል። ስለዚህ በጥቂት ላምባ በራሰ ጨርቅ ይጥረጉት፣ እስኪደርቅ ይጠብቁ፣ በየአንጓው አንድ ጠብታ ያድርጉ፣ ፔዳሉን ወደ ኋላ እያዞሩ እንዲሰርግ ያድርጉ፤ በመጨረሻ ውጭውን ደረቅ እስኪመስል ያብሱት።

የትኛው ዘይት? ልብስ ሰፊዎች ለስፌት መኪና የሚጠቀሙበት ቀጭን ዘይት ይሆናል፤ በዝናብ ወራት ቶሎ ስለሚታጠብ ግን መደጋገም ይፈልጋል። ከመኪና የወጣ የተቃጠለ ዘይት በነፃ ቢገኝም የብረት ብናኝ ስላለበት አይጠቅምም። የወጥ ዘይትማ፣ በተለይ የኑግ፣ ጭራሽ አይሞከርም። የኑግ ዘይት አየር እያገኘ ሲቆይ ይወፍራል፤ ከርሞ የተገኘ ጠርሙስ አፉ ላይ የሚይዘውን የሚጣበቅ ነገር ካዩ፣ ካቴናዎ ውስጥ ምን እንደሚሆን ገባዎት ማለት ነው።

ካቴና እያደር ይረዝማል። ብረቱ ተስቦ አይደለም፤ ፒኖቹ ተበልተው ነው። ይህን ለማወቅ የተማሪ ማስመሪያ ይበቃል። ከአንድ ፒን መሃል እስከ ቀጣዩ ፒን መሃል 12.7 ሚሊ ሜትር ነው፤ ስለዚህ ሃያ ክፍተቶች በአዲስ ካቴና ላይ 25.4 ሳንቲ ሜትር ይሆናሉ። 25.6 ከደረሰ መቀየር አለበት፤ ከዚያ በላይ ከቆየ ካቴናው የሚያርፍባቸውን ጥርሶች ጫፍ እያሾለ ያበላሻል፣ ወጪውም ይደራረባል።

ወደ ጎማው ሽቦዎች እንምጣ። ቸርኬው፣ ማለትም ጎማውን የተሸከመው የብረት ክብ፣ ከመሃሉ ጋር የተያያዘው በተወጠሩ ሽቦዎች ነው፤ ክብነቱ የሚጠበቀው በእነሱ መሳሳብ ነው። አምባሰል ከአራቱ የሙዚቃ ቅኝቶቻችን የአንዱ ስም መሆኑን ያውቃሉ፤ የሽቦም ምርመራ እንደ ክራር መቃኘት በጆሮ ነው። ሳይክሉ ተሰቅሎ ሳለ ሽቦዎቹን አንድ በአንድ በጣትዎ ይምቷቸው። በአንድ ጎን ያሉት ተቀራራቢ ድምፅ መስጠት አለባቸው። ወፍራም ድምፅ ያወጣው ላልቷል። ማርሽ ባለው ሳይክል የኋላ ጎማ ላይ የቀኙ ጎን ድምፅ ከግራው ቢቀጥን ችግር አይደለም፤ በዚያ በኩል ሽቦው ይበልጥ ይወጠራል። የላላ ሽቦ ጎማው በዞረ ቁጥር አንዴ ይለቀቃል አንዴ ይሳባል፤ ሽቦን ወዲያና ወዲህ እያጠፉ እንደመቁረጥ ነው፣ አንገቱ ላይ ይበጠሳል። ማጥበቂያው ቸርኬው አጠገብ ያለችው ትንሽ ዳዶ ናት፤ ሩብ ዙር ብቻ አጥብቀው እንደገና ያዳምጡ።

በአማራ ክልል ሳይክል ሲነሣ ባሕር ዳር ቀድማ ትጠራለች፤ ሜዳ ናትና። እዚህ ግን አገሩ ሌላ ነው። ደሴ ከ2,400 ሜትር በላይ ላይ ተቀምጣ፣ ሐይቅ ከ2,000 ሜትር ብዙም በማይርቅ ከፍታ ላይ ትገኛለች፤ የአምባሰል ተራራማ መንገድማ ሽቅብ ሳይክል የሚገፋበት፣ ቁልቁል ደግሞ ነፍስ በፍሬን የምትንጠለጠልበት ነው። የፍሬን ጎማ ሲያልቅ ብረቱ ቸርኬውን ይፍቃል፤ ጎማው ላይ ያሉት ቦዮች ሊጠፉ ሲቃረቡ ይቀይሩት። እጀታውን ሙሉ በሙሉ ሲጨብጡ ከመሪው ሁለት ጣት ያህል መራቅ አለበት፤ ከተጠጋ ገመዱ ላልቷል። በተለይ የሚያብለጨልጭ የብረት ቸርኬ ካለዎት፣ ሲረጥብ ፍሬኑ በእጅጉ ይደክማል። ስለዚህ በዝናብ ቁልቁለት ከመጀመርዎ በፊት ፍሬኑን በቀስታ ደጋግመው ይንኩ፤ ውሃውን ይጠርገዋል።

ጎማ ሲተነፍስ ጎሚስታ ጋ መሄድ ይቻላል፤ ግን በቤትም ቀላል ነው። ከመነዳሪውን አውጥተው ይንፉት፣ ሳፋ ውሃ ውስጥ ክፍል በክፍል ይንከሩት፤ አረፋ የሚወጣበት ቀዳዳው ነው። አድርቀው በብርጭቆ ወረቀት ያሻክሩት፤ ማስቲሽ በስሱ ይቀቡ፣ ከዚያ አይቸኩሉ። ማስቲሹ የሚይዘው በጣት ሲነካ እስከማይረጥብ ድረስ ከደረቀ በኋላ ነው፤ እርጥቡን የለጠፈ ሰው ማግስቱን ይደግመዋል። ከመነዳሪውን ከመመለስዎ በፊት የውጭውን ጎማ ሆድ በጥንቃቄ ይዳብሱ፤ የግራር እሾኽ ጫፉ ተሰብሮ እዚያው ተደብቆ ሊሆን ይችላል።

ክረምቱን አገር ቤት የሚከርሙ ከሆነ፣ በሩን ቆልፈው ከመሄድዎ በፊት ሳይክሉን ማበስና ካቴናውን ዘይት ማስነካት ይበቃል። ተሰቅሎ ስለሚቆይ ጎማው ሸክም የለበትም፤ አየር ቢጎድልበትም አይጎዳም። ወለል ላይ የተተወ ሳይክል ግን ቀዳዳ ባይኖረውም አየሩ በጎማው ሰውነት ውስጥ ቀስ እያለ ያልቅበታል፤ ከዚያ የራሱ ክብደት አንዱን ቦታ አጥፎ ይሰነጥቀዋል። በመስከረም ሲመለሱ መጀመሪያ ይንፉት፤ የአየር ግፊቱ ልክ በጎማው ጎን ላይ በፒኤስአይ ተጽፏል። ቀጥሎ ሁለቱንም ፍሬኖች ይጨብጡ፣ ሽቦዎቹን ይምቱ፣ ከዚያ ያውርዱት።