የእርጉዝና የአራስ እናት የስሜት ለውጥ በምን ይለካል?

በእርግዝና ወራትና ከወሊድ በኋላ የእናት ስሜት መለዋወጡ በየቤቱ የታወቀ ነው። ሆኖም ለውጡ እስከ ምን ድረስ የተለመደ፣ ከየት ጀምሮ ሕመም እንደሚባል የሚጠይቀው ጥቂት ነው። በፊዚክስ ትምህርት ስለ አንድ ክስተት ከመበየናችን በፊት «ምን ያህል ጊዜ ቆየ? በምንስ ተለካ?» ብለን እንጠይቃለን። በዚህ ጽሑፍም እነዚህን ሁለት ጥያቄዎች ይዘን እንነሣለን።

መንስኤው

በእርግዝና ጊዜ ኢስትሮጅንና ፕሮጄስትሮን የተባሉትን ሆርሞኖች በብዛት የሚያመነጨው የእንግዴ ልጅ ነው። እርሱ በወጣ በጥቂት ቀናት ውስጥ የሁለቱም መጠን እጅግ ያሽቆለቁላል። የተሳበ ሞላ በድንገት ሲለቀቅ ተርገብግቦ እንደሚረጋ ሁሉ፣ የእናቲቱም አካል አዲሱን ሚዛን እስኪያገኝ ጊዜ ይወስድበታል። ይሁንና ሆርሞን ብቻውን ሁሉንም አይገልጽም፤ እንቅልፍ ማጣት፣ ችግር፣ የትዳር ጠብና ቀድሞ የነበረ ድብርት ጫናውን ያከብዱታል።

ጊዜ እንደ መለኪያ

ከወላዶች ከግማሽ የሚበልጡት በመጀመሪያው ሳምንት ሆድ ይብሳቸዋል፣ ያለቅሳሉ፤ ይህ 2 ሳምንት ሳይሞላው በራሱ ይለቃል። ሐዘኑና ተስፋ መቁረጡ ከዚያ ካለፈ ግን ድብርት ሊሆን ስለሚችል ሕክምና ያሻዋል። በእርግዝና ጊዜ ለሚታይ ሐዘንም ይኸው መለኪያ ያገለግላል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገልጸው በታዳጊ አገሮች ከእርጉዞች 15.6 በመቶው፣ ከወላዶች 19.8 በመቶው የአእምሮ ጤና ችግር፣ በተለይም ድብርት፣ ይገጥማቸዋል። እናቲቱ ራሷን ወይም ልጇን ለመጉዳት ካሰበች፣ ወይም የሌለ ድምፅ ከሰማች፣ አንድ ቀን እንኳ መጠበቅ አይገባም።

የቡታጅራ ትምህርት

ከአዲስ አበባ በስተደቡብ በምትገኘው ቡታጅራ ዙሪያ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2005 እና 2006 ዓ.ም. 1065 እርጉዞችን ተከታትለዋል። ከፍተኛ የጭንቀት ምልክት የታየባቸው እናቶች ምጣቸው የመርዘም፣ ጡት ማጥባት የመጀመሪያቸውም ጊዜ የመዘግየት አዝማሚያ ነበረው። እ.ኤ.አ. በ2008 ዓ.ም. የታተመው ሌላ ጥናት ደግሞ መለኪያዎቹን ራሳቸውን ፈተነ። በብዙ አገሮች የሚሠራበት የኤድንብራ መጠይቅ በዚያ ገጠር ደካማ ሆኖ ሲገኝ፣ ስለ ራስ ምታት፣ ስለ እንቅልፍና ስለ ምግብ ፍላጎት ጭምር የሚጠይቀው ባለ 20 ጥያቄው የዓለም ጤና ድርጅት መጠይቅ ተሽሎ ታየ። ቴርሞሜትር ሳይስተካከል ሙቀት እንደማይነበብበት ሁሉ፣ መጠይቅም በአገሩ ሳይፈተሽ አይታመንም።

ለመንጌስ?

ከአሶሳ በስተሰሜን የምትገኘው መንጌ በአብዛኛው የበርታ ሕዝብ የሚኖርባት ወረዳ ናት። ስለዚህ በአማርኛ የተፈተሸ መጠይቅ እዚያ ያለ ማጣራት አይበቃም፤ እናቲቱ ሐዘኗን በምትናገርበት በበርታኛ መጠየቅ አለባት። ይህ ሥራ ቋንቋውን ከሚያውቁ የአካባቢው ተማሪዎች የተሻለ ሠሪ አይኖረውም።

እስከዚያው ቤተሰብ ማድረግ የሚችለው ብዙ ነው፤ ሕፃኑን ተቀብሎ አራሷን ማስተኛት፣ ሳይገሥጹ ማዳመጥ፣ ብቻዋን አለመተው፣ ቀኑን መቁጠር። 2 ሳምንት ካለፈ ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ መንገር፣ ወደ ጤና ጣቢያም መውሰድ ይገባል። ድብርት የጠባይ ጉድለት አይደለም፤ ታክሞ የሚድን ሕመም ነው።