ዳታ ሲያልቅም የሚያገለግል ስልክ

አሮጌ አንድሮይድ ስልክ መሳቢያ ውስጥ ተኝቷል? ያውጡት። ግማሽ ቀን ዋይፋይ ካገኘ ያለ ኢንተርኔት የሚነበብ ዊኪፔዲያና ያለ ኢንተርኔት መንገድ የሚያሳይ ካርታ ይይዝልዎታል። የምንጭናቸው አፖች ሁሉ ኦፕን ሶርስ ናቸው። ኮዳቸው ለማንም ክፍት ነው፤ ክፍያ የለባቸውም፤ ቀድቶ ለጓደኛ መስጠትም የተፈቀደ ነው። አዲሱ ስልክዎ ላይ መሥራት ከፈለጉም ቅደም ተከተሉ ያው ነው።

የሚያስፈልጉት፦ አንድሮይድ 8 ወይም ከዚያ በላይ ያለው ስልክ፣ ቻርጀር፣ ዋይፋይ፣ ከተገኘ ደግሞ 32 ጊጋባይት ሚሞሪ ካርድ።

ስልኩን ማሰናዳት

1. የስልኩን ጀርባ ይዩ። ባትሪው አብጦ ክዳኑን ከገፋው እዚህ ላይ ያቁሙ፤ ቻርጅ አያድርጉት። ደህና ከሆነ እስኪሞላ ይሰኩት።

2. “ሴቲንግስ” ውስጥ ገብተው “አባውት ፎን” የሚለውን ይክፈቱ። የአንድሮይዱን ቁጥር ያንብቡ።

3. ቦታ ያስለቅቁ። የቆዩ ቪዲዮዎችንና የማይጠቀሙባቸውን አፖች ያጥፉ። ሪሴት ለማድረግ ካሰቡ መጀመሪያ የጎግል አካውንቱን የይለፍ ቃል በእጅዎ ይያዙ። ስልኩ ከሪሴት በኋላ ያንኑ አካውንት ሊጠይቅ ይችላል፤ ከሌለዎት ተቆልፎ ይቀራል።

4. ሚሞሪ ካርዱን ያስገቡ።

ኤፍ-ድሮይድን መጫን

ኤፍ-ድሮይድ ከ2010 ጀምሮ ያለ የነፃ አፖች መደብር ነው። የጎግል አካውንት አይጠይቅም። አብዛኞቹን አፖች ከክፍት ኮዳቸው ራሱ ገጣጥሞ ስለሚያቀርብ፣ የሚያወርዱት ፋይል ለሕዝብ ከታየው ኮድ የወጣ ነው።

5. ስልኩን ከዋይፋይ ያገናኙ። ሞባይል ዳታውን ያጥፉ።

6. ብሮውዘሩን ይክፈቱና አድራሻውን በላቲን ፊደል ራስዎ ይጻፉ፦ ኤፍ፣ ሰረዝ፣ ድሮይድ፣ ነጥብ፣ ኦ-አር-ጂ። በጎግል ፈልገው መጀመሪያ የመጣውን አይንኩ። ቴሌግራም ግሩፕ ላይ የተለጠፈ ኤፒኬ (የአፕ መጫኛ) ፋይልም አይውሰዱ። ስሙና አርማው ልክ ቢሆንም ውስጡን ሌላ ሰው ነካክቶት ሊሆን ይችላል።

7. “ዳውንሎድ ኤፍ-ድሮይድ” የሚለውን ይንኩ። ብሮውዘሩ “ይህ ፋይል ሊጎዳ ይችላል” ብሎ ያስጠነቅቃል። ለማንኛውም ኤፒኬ የሚሰጠው ማስጠንቀቂያ ነው፤ አድራሻውን በትክክል ከጻፉ ይቀጥሉ።

8. የወረደውን ፋይል ይንኩ። ስልኩ እምቢ ይልና ወደ ሴቲንግስ ይመራዎታል። እዚያ አፕ የመጫን ፈቃዱን ለብሮውዘሩ ብቻ ያብሩ።

9. ወደኋላ ይመለሱና “ኢንስቶል” የሚለውን ይንኩ።

10. አሁን ፈቃዱን መልሰው ይዝጉ። “ሴቲንግስ” ውስጥ “ኢንስቶል አንኖውን አፕስ” የሚለውን ይፈልጉና ብሮውዘሩን ያጥፉበት። ብዙ ሰው የሚዘለው ደረጃ ይህ ነው። ክፍት ከተተወ ነገ በስሕተት የተነካ ማስታወቂያ ሌላ ኤፒኬ ሊያስጭንዎ ይሞክራል።

11. ኤፍ-ድሮይድን ይክፈቱ። የአፖቹን ዝርዝር አውርዶ እስኪጨርስ ይታገሱ። መጀመሪያ ላይ ገጹ ባዶ ሆኖ ቢቆይ ተበላሸ ብለው አያጥፉት።

12. የኤፍ-ድሮይድን “ሴቲንግስ” ይክፈቱ። በዋይፋይ እንዲያወርድ ይፍቀዱ፣ በሞባይል ዳታ እንዳያወርድ ይከልክሉ። ፓኬጅዎን የሚያድነው ይህ ነው።

ዊኪፔዲያን ስልክ ውስጥ ማስገባት

13. ኤፍ-ድሮይድ ላይ ኪዊክስን ይፈልጉ፤ ዊኪፔዲያን ያለ ኢንተርኔት የሚያስነብበው አፕ ነው። በላቲን ሲጻፍ ኬ-አይ-ደብልዩ-አይ-ኤክስ ነው።

14. ከመጫንዎ በፊት የአፑን ገጽ ያንብቡ። ኤፍ-ድሮይድ ማስታወቂያ ያለበትን ወይም ተጠቃሚውን የሚከታተል አፕ ለይቶ ምልክት ያደርግበታል። ይህን ልማድ ለሌሎቹም አፖች ያድርጉት።

15. “ኢንስቶል” ይንኩ። አሁን ፈቃድ የሚጠይቀው ራሱ ኤፍ-ድሮይድ ነው፤ ይስጡት። ይህኛው ክፍት ይቆይ።

16. ኪዊክስን ከፍተው የማውረጃውን ገጽ ይንኩ። የቋንቋውን ምርጫ አማርኛ ያድርጉ።

17. የአማርኛውን ዊኪፔዲያ ይምረጡ። የት እንደሚቀመጥ ሲጠየቁ ሚሞሪ ካርዱን ይንኩ። አንዳንዱ መጽሐፍ (ኪዊክስ የሚወርደውን ፋይል የሚጠራው እንዲህ ነው) በተለያየ መጠን ይመጣል፦ “ማክሲ” ከነሥዕሉ፣ “ኖፒክ” ያለ ሥዕል፣ “ሚኒ” መግቢያ መግቢያው ብቻ። ቦታ ከጠበበዎ “ኖፒክ” ይበቃል።

የአማርኛው ዊኪፔዲያ 15 ሺህ ገደማ ጽሑፎች አሉት፤ ብዙዎቹ አጫጭር ናቸው። ቤት ውስጥ ተማሪ ካለ በቀላል እንግሊዝኛ የተጻፈውን “ሲምፕል ኢንግሊሽ” ዊኪፔዲያም ይጨምሩለት። እሱ ከ200 ሺህ በላይ ጽሑፎች ይዟል፤ ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪም አይከብድም። ሙሉው የእንግሊዝኛ ዊኪፔዲያ ግን ከነሥዕሉ ከ100 ጊጋባይት ያልፋል። ለዚህ ስልክ አይሞክሩት።

18. ትልቅ ፋይል ከማውረድዎ በፊት የካርዱን ፎርማት ይዩ። “ፋት 32” የሆነ ካርድ ከ4 ጊጋባይት የበለጠ አንድ ፋይል አይቀበልም። “ኤክስ-ፋት” ይቀበላል። ፎርማት መቀየር ካርዱ ላይ ያለውን ሁሉ ያጠፋልና አስቀድመው ይገልብጡ።

19. ስልኩን ኤርፕሌን ሞድ ላይ ያድርጉና ይፈትሹ። መጽሐፉን ከፍተው “ላሊበላ” ብለው ይፈልጉ።

20. የፈለጉት ካልመጣ ሞክሼ ፊደሉን ይቀይሩ። ኪዊክስ የሚያየው የተጻፈውን ፊደል እንጂ ድምፁን አይደለም። “ፀሐይ” ካልተገኘ “ጸሐይ”፣ እሱም እምቢ ካለ “ፀሀይ” ብለው ይሞክሩ። ከሀ ሐ እና ኀ፣ ከሰ እና ሠ፣ ከአ እና ዐ ጋርም እንዲሁ ያድርጉ። አማርኛ መጻፊያ ኪቦርድ ከሌለዎት ኪይማንን ይጫኑ፤ እሱም ኦፕን ሶርስ ነው።

ካርታውን ማስገባት

21. ኤርፕሌን ሞዱን ያጥፉ፣ ዋይፋዩን ያብሩ።

22. ከኤፍ-ድሮይድ ኦርጋኒክ ማፕስን ይጫኑ።

23. ይክፈቱትና ካርታውን በሁለት ጣት እያሰፉ ኢትዮጵያ ላይ ያምጡት። “ዳውንሎድ” የሚል ሲመጣ ይንኩ። ዱባይ ወይም ዋሽንግተን ያላችሁ የምትኖሩበትን አካባቢ ምረጡ፤ ለእረፍት ወደ አገር ቤት ስትመጡ የኢትዮጵያውን ከመሳፈራችሁ በፊት አውርዱት።

24. ደጅ ይውጡ። “ሎኬሽን” ያብሩ። ጂፒኤስ ሲም ካርድም ዳታም አይፈልግም፤ ምልክቱን በቀጥታ ከሳተላይት ይቀበላል። ኢንተርኔት ካልረዳው ግን የመጀመሪያው ጊዜ ደቂቃዎች ይወስድበታል። ከቆርቆሮ ጣሪያና ከፎቅ ራቅ ብለው ሰማይ በሚታይበት ቦታ ይጠብቁ።

25. የሚያዘወትሯቸውን ቦታዎች ምልክት ያድርጉ። ቦታው ላይ ጣትዎን አቆይተው ይጫኑ፣ ከዚያ ኮከቡን ይንኩ። ስሙን ቤተሰቡ እንደሚጠራው ይጻፉ፦ “ከወፍጮ ቤቱ ፊት ለፊት” ከመንገዱ ቁጥር ይሻላል።

ካርታው የሚመጣው በጎ ፈቃደኞች ከሚሞሉት ከኦፕን ስትሪት ማፕ ነው። ስለዚህ አዲስ አበባ ላይ ጥቅጥቅ ያለ ነው፤ ትንሽ ከተማ ላይ መንገድ ሊጎድል ይችላል። የጎደለ ሱቅ ወይም ክሊኒክ ካዩ ነፃ አካውንት ከፍተው ከአፑ ውስጥ ራስዎ ያስገቡት።

ለሌላው ማካፈል

26. በመጀመሪያ ሞባይል ዳታውን ያጥፉ። ሆትስፖት ሲከፍቱ ዳታው በርቶ ከሆነ የተገናኘው ሁሉ የእርስዎን ፓኬጅ ይበላል።

27. የኪዊክስን ሜኑ ከፍተው “ዋይፋይ ሆትስፖት” የሚለውን ይንኩ። የሚያካፍሉትን መጽሐፍ ምልክት አድርገው ያስጀምሩ።

28. ሌሎቹ ስልኮች ከሆትስፖትዎ ይገናኙ። ስክሪኑ ላይ የወጣውን የቁጥር አድራሻ ብሮውዘራቸው ላይ ይጻፉ። ምንም መጫን ሳያስፈልጋቸው ያነባሉ፤ አንድ ክፍል ተማሪ በአንድ አስተማሪ ስልክ ሊሠራ ይችላል። ባትሪ ስለሚበላ ቻርጀሩን አጠገብዎ ያድርጉ።

29. አፑን ራሱን መስጠት ከፈለጉ የኤፍ-ድሮይድን “ኒርባይ” ይክፈቱ። ሁለቱ ስልኮች አንድ ዋይፋይ ላይ ይሁኑ፤ የሚላኩትን አፖች ይምረጡ። ተቀባዩ ኤፍ-ድሮይድ ከሌለው መጀመሪያ እሱኑ ይላኩለት።

ማደስ

30. በወር አንድ ጊዜ ያህል ዋይፋይ ሲያገኙ ኤፍ-ድሮይድን ከፍተው “አፕዴትስ” የሚለውን ይንኩ።

31. የኪዊክስ መጽሐፍ ራሱን አያድስም። አዲስ እትም ሲወጣ ያውርዱ፣ ይክፈቱ፣ አንድ ቃል ይፈልጉበት። አሮጌውን ፋይል ከዚያ በኋላ ያጥፉ።