ምስል በገመድ እንዴት ይጓዛል? ከቢጫው ገመድ እስከ ኤችዲኤምአይ

በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ፣ ከጀሞ የጋራ መኖሪያ ቤቶች ከአንዱ ፎቅ ላይ ቆመን ዙሪያውን ብንቃኝ በየጣሪያውና በየበረንዳው የተተከሉትን ዲሾች ቆጥረን አንዘልቃቸውም። ከእያንዳንዱ ዲሽ አንድ ገመድ ወደ ሪሲቨሩ ይወርዳል፤ ከሪሲቨሩም ሌላ አጭር ገመድ ወደ ቴሌቪዥኑ ይዘረጋል። የዛሬው ትምህርታችን ስለዚህ አጭር ገመድ ነው። ብዙ ቤተሰብ ቆጥቦ ፍላት ቴሌቪዥን ከገዛ በኋላ ምስሉ ብዥ ሲልበት ዕቃውን ይወቅሳል፤ ወይም በወርቅ የተለበጠ ውድ ገመድ እንዲገዛ ይመከራል። ሁለቱም ያለ አግባብ ገንዘብ ያስወጣሉ። ምክንያቱን ለመረዳት በገመዱ ውስጥ የሚያልፈውን ነገር ማወቅ ይገባናል።

ቢጫው ገመድ ለምን ያደበዝዛል?

በአገራችን የቴሌቪዥን ሥርጭት በ1957 ዓ.ም. ሲጀመር ምስሉ ጥቁርና ነጭ ነበር፤ ቀለም የመጣው እ.ኤ.አ. በ1984 ነው። ሥራ ላይ የዋለው ፓል የተባለው ሥርዓት በሰከንድ 25 ምስሎችን ያስተላልፋል። እያንዳንዱ ምስል 625 መስመሮች ሲኖሩት፣ ከእነዚህ ውስጥ በስክሪን ላይ የሚታዩት 576ቱ ናቸው። ሥርዓቱ ሲነደፍ የጥቁርና ነጭ ቴሌቪዥን ባለቤቶችም ሥርጭቱን ማየት ነበረባቸው። ስለዚህ መሐንዲሶቹ የቀለሙን መረጃ በ4.43 ሜጋኸርዝ ሞገድ ላይ ጭነው ከብሩህነቱ መረጃ ጋር ቀላቀሉት።

ቢጫ ጫፍ ያለው ገመድ ይህን ድብልቅ በአንድ ሽቦ ያመጣል። ቴሌቪዥኑ መልሶ ሊለየው ይሞክራል፤ ነገር ግን ፍጹም አድርጎ አይለየውም። ዜና አንባቢው ባለ ቀጭን መስመር ኮት ሲለብስ በኮቱ ላይ የሌለ ቀለም ሲርመሰመስ የምናየው በዚህ የተነሳ ነው። ከሁሉ በላይ ግን ይህ ገመድ ከ576 መስመር የበለጠ አያሳልፍም። ሪሲቨሩ 1080 መስመር ያለው ጥርት ያለ ምስል ቢቀበልም አሳንሶ ይልከዋል፤ ቴሌቪዥኑም ያንኑ ለጥጦ ያሳየናል። እንግዲህ ብዥታው የቴሌቪዥኑ ጥፋት አይደለም ማለት ነው።

ምስል ቁጥር ሲሆን

እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2002 ይፋ የሆነው ኤችዲኤምአይ ምስሉን በቁጥር ያስተላልፋል። ምን ያህል ቁጥር እንደሆነ አብረን እናስላ። በአንድ ምስል 1920 በ1080፣ ማለትም 2,073,600 ነጥቦች አሉ። ለእያንዳንዱ ነጥብ ቀለም 24 ቢት ያስፈልጋል። በሰከንድ 50 ምስሎች ቢተላለፉ ድምሩ 2.5 ቢሊዮን ቢት ያህል ይሆናል። ይህ ሁሉ የሚጓዘው በጥንድ በጥንድ በተገመዱ ቀጫጭን ሽቦዎች ነው። የአንዱ ጥንድ ሁለት ሽቦዎች ተቃራኒ ምልክት ይይዛሉ፤ ተቀባዩም የሁለቱን ልዩነት ብቻ ያነባል። ከውጭ የሚመጣ ረብሻ ሁለቱንም እኩል ስለሚነካ ልዩነቱ ሳይዛባ ይደርሳል።

ወርቁ ምን ይጨምራል?

በተንኳኳ የስልክ መስመር ዘፈን ብንሰማ ጣዕሙ ይጠፋል። በዚያው መስመር «አንድ» ወይም «ዜሮ» የሚል ሰው ግን በደንብ ይሰማናል። አናሎግ እንደ ዘፈኑ፣ ዲጂታል እንደ ቁጥሩ ነው። ቁጥሩ በትክክል ከደረሰ በርካሽ ገመድ የመጣው ምስልና በውድ ገመድ የመጣው አንድ ናቸው። የወርቁ ልባጥ ጫፉ እንዳይዝግ ይረዳል እንጂ ቀለም አያደምቅም።

ሆኖም ዲጂታል የራሱ ድክመት አለው። የአናሎግ ምስል ቀስ በቀስ ይደክማል፤ ዲጂታሉ ግን እስከ አንድ ወሰን ድረስ ጥርት ብሎ ቆይቶ ድንገት ይሰበራል። በክረምት ኃይለኛ ዝናብ ሲጥል ከሳተላይት የሚመጣው ምስል በአራት ማዕዘን ቁርጥራጭ ሆኖ የሚቆመው ለዚህ ነው። እጅግ በረዘመ ወይም በተጎዳ የኤችዲኤምአይ ገመድም ምስሉ ነጠብጣብ ያወጣል፤ ወይም ጨርሶ ይጠፋል።

መጪው ጊዜ

ፍላጎቱ አሁንም እያደገ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው ኤችዲኤምአይ 2.1 በሰከንድ እስከ 48 ቢሊዮን ቢት እንዲያሳልፍ ተደርጎ የተነደፈ ነው። በሌላ በኩል ሳተላይትና ኢንተርኔት ያንኑ ምስል በሰከንድ በጥቂት ሚሊዮን ቢት ያደርሱልናል። ይህ የሚቻለው ምስሉ ስለሚጨመቅ ነው፤ ካለፈው ምስል ያልተለወጠው ክፍል እንደገና አይላክም። የተጨመቀውን የሚፈታው መሣሪያ በቴሌቪዥኑ ውስጥ ሲገባ በሁለቱ ዕቃዎች መካከል ያለው ገመድ ሥራ እየቀነሰ ይሄዳል። «ነፋስ ስልክ» በቀድሞው አማርኛ ሽቦ አልባ መገናኛ ማለት መሆኑን ስናስብ፣ ክፍለ ከተማው ወደ ስሙ እየተመለሰ ነው ብንል አናጋንንም።

እስከዚያው ግን ውድ አንባብያን በቤታችሁ ይህን ሞክሩ። ሪሲቨሩን በሁለቱም ገመዶች ከቴሌቪዥኑ ጋር አገናኙ፤ ዜና በሚተላለፍበት ሰዓት አንዱን ከሌላው እያፈራረቃችሁ ከስክሪኑ ግርጌ የሚያልፈውን ጽሑፍ ተመልከቱ። ጣቢያው በከፍተኛ ጥራት የሚያሠራጭ ከሆነ የፊደላቱ ጠርዝ ልዩነቱን ይነግራችኋል። ከዚያ በኋላ አዲስ ቴሌቪዥን ወይም ባለ ወርቅ ገመድ ከመግዛታችሁ በፊት ከቴሌቪዥኑ ጀርባ የተሰካው የትኛው ገመድ እንደሆነ አረጋግጡ።