የጎረስነው በየት ይሄዳል?

በቅሎ ከወንዝ ስትጠጣ አይታችኋል። አንገቷን ወደ ታች ደፍታ ነው የምትጠጣው፤ ውሃው ግን ሽቅብ ወጥቶ ሆዷ ይገባል። ውሃ ሽቅብ አይፈስም አይደል? ታዲያ ምን አወጣው? የምግብ ቧንቧዋ ነው።

እኛም ይህ ቧንቧ አለን። ከጉሮሮ ተነስቶ፣ በልብ ኋላ አልፎ፣ ጨጓራ ላይ ያበቃል። የአዋቂ ሰው 25 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው፤ ከስንዝር ጥቂት ይበልጣል። እኔ ሳልማር እንደ ቦይ ዝም ብሎ የሚያፈስ ይመስለኝ ነበር። አይደለም። ግድግዳው ጡንቻ ነው። ከጉርሻው በላይ ያለው ይጨመቃል፣ ከበታቹ ያለው ይላላል። እንዲህ እየገፋ በ10 ሰከንድ ገደማ ጨጓራ ያደርሰዋል።

ከፊቱ የአየር ቧንቧ አለ። ምራቃችሁን እየዋጣችሁ ማንቁርታችሁን ዳብሱ፤ ከፍ ይላል። ያን ጊዜ የአየሩ መንገድ ተከደነ ማለት ነው። እየበላን ስናወራ ወይም ስንስቅ ሳይከደን ምግብ ይገባና ትን ይለናል። «ስበላ አታናግሩኝ» የሚሉ ሽማግሌዎች እውነት አላቸው።

ትን ያለው ሰው የሚስል ከሆነ ተዉት፣ ይሳል። ድምፁ ከጠፋና መተንፈስ ካቃተው ግን ውሃ አትስጡት። ወደ ፊት አጎንብሳችሁ በትከሻዎቹ መካከል በመዳፍ ግርጌ 5 ጊዜ ጠንከር አድርጋችሁ ምቱት። ካልወጣ ከኋላው ቁሙና ከእምብርቱ በላይ አቅፋችሁ ወደ ውስጥና ወደ ላይ 5 ጊዜ ሳቡ። ዓመት ያልሞላው ሕፃን ሆዱ አይጫንም፤ በክንዳችሁ ላይ በደረቱ አስተኙት፣ ራሱ ዝቅ ይበል፣ ጀርባውን ምቱ። ቆሎ ደግሞ አድቅቆ ለማያላምጥ ልጅ አይሰጥም።